የተተከለው ድድ እንዲይዝ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ በአሰላ የምኖር መምህርት ነኝ። የታች የፊት ጥርሶቼ ድድ ሸሽቶ ሥራቸው ስለተጋለጠ፣ አዲስ አበባ ሄጄ ከላንቃዬ ሥጋ ተወስዶ ተተከለልኝ። ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ የተተከለው ነጥቶ ሳየው ደነገጥኩ። ጎረቤቶቼ ነጭ ሽንኩርት ያዢበት ይሉኛል። ቶሎ እንዲድን ምን ላድርግ?

መልስ፦ እግዜር ይማርዎ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መንጣቱ የተለመደ ነው፤ አይደንግጡ። ነጭ ሽንኩርቱን ግን አደራ፣ አያስጠጉት፤ ሥጋውን ያቃጥላል። ጨው፣ ፌጦና የተፈጨ አስፕሪንም እንዲሁ።

ሥጋው ከላንቃዎ ሲነሣ የደም ሥሮቹ ተቆርጠዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት የሚኖረው ከሥሩ በሚያገኘው ፈሳሽ ብቻ ነው። ከዚያ ጥቃቅን የደም ሥሮች ወደ ውስጡ ማደግ ይጀምራሉ፤ ከተነቃነቀ ይበጠሳሉ። ስለዚህ ዋናው መድኃኒት አለመንካት ነው። ከንፈርዎን ገልጠው በመስታወት አይመልከቱት። ድምፅ ከፍ አድርጎ ማስተማር ከንፈርን ስለሚጎትት ለጥቂት ቀናት ፈቃድ ይውሰዱ። በኃይል አይትፉ፤ በስትሮም አይጠጡ።

ሐኪምዎ እስኪፈቅድልዎ ድረስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ2 ሳምንት ያህል፣ ቦታውን በብሩሽም በመፋቂያም አይንኩት። ሌሎቹን ጥርሶች ይቦርሹ፤ የታዘዘልዎ ክሎርሄክሲዲን ካለ ቀስ ብለው ይጉመጥመጡ።

የአሰላ ብርድ ትኩስ ነገር ቢያስመኝም፣ ቡናውንም ምግቡንም ለብ ሲል ይውሰዱ። እርጎ፣ የገብስ አጥሚት፣ የተፈጨ ምስር፣ በጾም ቀን በርበሬ የሌለበት ቀጭን ሽሮ ይስማሙዎታል። ቁስል ያለ ፕሮቲን አይድንምና ሕመሙን ፈርተው ምግብ አይተዉ። ቆሎ፣ ቅርፊቱ የጠና ዳቦ፣ በርበሬ፣ አልኮልና ጫት ይቆዩ። ሲጋራ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ተከላውን ሊያከሽፍ ይችላል። ስኳር ሕመም ካለብዎ መጠኑን ይቆጣጠሩ።

ላንቃዎ ቢደማ ንጹሕ እርጥብ ጎዝ ለ20 ደቂቃ ሳያነሡ ይጫኑበት። የላንቃው ቁስል በ2 እና በ4 ሳምንት መካከል ይሸፈናል።

ደሙ ካልቆመ፣ ትኩሳት ወይም መግል ከመጣ፣ እብጠቱ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ከጨመረ፣ ወይም ሥጋው ከተላቀቀ ለሠራልዎ ሐኪም ይደውሉ። አዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ደሙ እምቢ ካለ መንገድ ከመጀመርዎ በፊት እዚያው አሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል ይሂዱ። ቁስሉ የዳነ ቢመስልዎም የስፌት ማስወገጃ ቀጠሮዎን አያሳልፉ።