የልጆች ጥርስና ሕክምናው፦ አሳዳጊዎች ሊያውቁት የሚገባ ትምህርት

በዚህ ዕትም ስለ ልጆች ጥርስ ሕክምና ጥቂት ልናወሳ ወደድን። የየቲሞች ጉዳይ በተነሳ ቁጥር የሚወራው ስለ ቀለብ፣ ስለ ልብስና ስለ ደብተር ነው፤ ጥርስን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እኛም ራሳችን ለብዙ ዓመታት ከማያስታውሱት ወገን ነበርን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምናስተምርበት መድረሳ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ስለሞተ ከአያቷ ጋር ትኖር ነበር። በቅርኣት ሰዓት እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ዝም ትላለች። እኛም ስንፍና መስሎን ደጋግመን ገሠጽናት። አንድ ቀን አያቷ መጡና «ኡስታዝ፣ የልጅቷ የታችኛው መንጋጋ ጠቁሯል፤ ሌሊት አታስተኛኝም፤ ምን ይሻላል?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም ያለ ዕውቀት አፋችንን ከፍተን «እማማ፣ የወተት ጥርስ ነው፤ ራሱ ይወድቃል፤ አይጨነቁ» አልናቸው። ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም። የጠቆረው ዕድሜዋን ሙሉ ልታኝክበት የበቀለው ቋሚ መንጋጋ ነበር። ከወራት በኋላ ፊቷ አብጦ ትኩሳት ይዟት ወደ ሕክምና ስትወሰድ፣ ጥርሱን ከመንቀል በቀር የሚደረግ ነገር አልቀረም። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ያንን መልሳችንን ለማረም ነው።

እንግዲህ ከመሠረቱ እንጀምር። ሕፃን ልጅ በስድስት ወሩ ገደማ የመጀመሪያውን ጥርስ ያበቅላል። እስከ ሦስት ዓመቱ ድረስ ሃያው የወተት ጥርሶች ወጥተው ያልቃሉ። ስድስት ዓመት ሲሆነው ከወተት መንጋጋዎቹ ኋላ፣ በላይም በታችም፣ በግራም በቀኝም አራት አዳዲስ መንጋጋዎች ይበቅላሉ። እነዚህ የማንንም ቦታ አይወስዱም፤ ሲወጡም የሚወድቅ ጥርስ የለም። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ምንም ሳይወድቅ የበቀለ በመሆኑ «ይህም የወተት ነው» ይባላል። አንባቢ ሆይ! ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዝ ይህን ያዝ፦ በስድስት ዓመት ከኋላ የሚበቅለው መንጋጋ ተተኪ የለውም።

«ታዲያ የወተቱ ጥርስ ቢበላሽ ምን ይጎዳል? መውደቁ አይቀርም» የሚሉ አሉ። አንድ ለጋሽ ወንድማችንም «ለሚወድቅ ጥርስ ገንዘብ ማውጣት ብክነት አይሆንም ወይ?» ሲሉ ጠይቀውን ያውቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የወተት መንጋጋዎች የሚወድቁት ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። በአራት ዓመቱ የተቦረቦረ መንጋጋ ከስድስት ዓመት በላይ ልጁን ሊያሠቃየው ይችላል ማለት ነው። በዚያ ዕድሜ የሚያመው ልጅ በደንብ አይበላም፣ አይተኛም፣ አይማርም። በተጨማሪም የወተት ጥርስ ከሥሩ ለሚመጣው ቋሚ ጥርስ ቦታ ጠባቂ ነው። ያለጊዜው ሲነቀል ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ይዘማሉ፤ ቋሚው ሲመጣ መውጫ አጥቶ ጠማማ ሆኖ ይበቅላል። ሥሩ ላይ የቋጠረው መግልም ከታች ያለውን ቋሚ ጥርስ ሳይወጣ ሊያበላሸው ይችላል።

ለቁርኣን መምህራንም አንድ ነገር በመንገዳችን እንበል። ሣእ፣ ዛልና ዟእ የሚባሉት ፊደላት የሚወጡት የምላስ ጫፍ የላይኛውን የፊት ጥርሶች ጠርዝ ሲነካ ነው፤ ፋእም ከላይኛው የፊት ጥርስና ከታችኛው ከንፈር ነው። የፊት ጥርሱ የወደቀበት የሰባት ዓመት ልጅ እነዚህን ፊደላት ቢያበላሽ ጥፋቱ የእርሱ አይደለምና በትር አይገባውም። ጥርሱ ሲበቅል ፊደሉም ይመለሳል።

አሁን ወደ ሕክምናው እንግባ። ጥርስ የሚቦረቦረው በአፍ ውስጥ ያሉ ተህዋስያን ስኳርን ሲመገቡ አሲድ ስለሚፈጥሩና አሲዱም የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን ስለሚያሟሟ ነው። የወተት ጥርስ ሽፋን ከቋሚው ይልቅ ስስ ስለሆነ ጉዳቱ ወደ ነርቭ የሚደርሰው በፍጥነት ነው። ጣፋጭ የተጨመረበትን ወተት ወይም ሻይ በጡጦ ይዞ የሚተኛ ሕፃን የፊት ጥርሶቹ ገና በሁለት ዓመቱ ሲረግፉ የምናየው ከዚህ የተነሳ ነው።

ቦርቡር ገና ሳይከፈት ሐኪሙ ፍሎራይድ የተባለውን ማዕድን በጥርሱ ላይ ይቀባል። ቅቡ ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል፣ አያምም፤ የጥርሱን ሽፋን ያጠነክራል፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህልም ይደገማል። ለእነዚያ ለስድስት ዓመቶቹ መንጋጋዎች ደግሞ ሲላንት የሚባል አለ። የመንጋጋ ገጽ ስንጥቅጥቅ ያለና ጥልቅ ሸለቆ ያለው ስለሆነ የብሩሽ ፀጉር አይደርስበትም። ሐኪሙ ጥርሱን አድርቆ ስንጥቁን በስስ ፈሳሽ ይደፍነዋል፤ ፈሳሹም ይደርቃል። መርፌም መሰርሰሪያም የለውም። አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ለሚበቅሉት ሁለተኛ መንጋጋዎችም እንዲሁ ይደረጋል። ከሕክምናዎቹ ሁሉ ብዙ አሳዳጊዎች ሰምተውት የማያውቁት ይህን ነው ብለን እንገምታለን፤ ያቺ ልጅም ይህ ቢደረግላት ኖሮ ጥርሷ ሳይነካ ሊቀር ይችል ነበር።

ቦርቡሩ ከተከፈተ በኋላ የሚሠራው እንደ ጥልቀቱ ይለያያል። ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የተባለ ፈሳሽ አለ። ውስጡ ያለው ብር ተህዋስያንን ይገድላል፣ ፍሎራይዱ ደግሞ የለሰለሰውን ጥርስ ያጠነክራል። በትንሽ ብሩሽ ይቀባል እንጂ መሰርሰር የለም፤ ለሚፈራ ሕፃን ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን የተበላውን ክፍል ለዘለቄታው ያጠቁረዋልና አሳዳጊ አስቀድሞ ይህን አውቆ ሊስማማ ይገባል። ጥቁረቱ ሕመሙ የቆመበት ምልክት እንጂ አዲስ ብልሽት አይደለም። መግል ለያዘና ላበጠ ጥርስ ግን አይሆንም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ይህንን ፈሳሽ፣ የፍሎራይድ የጥርስ ሳሙናንና ግላስ አዮኖመር የተባለውን መሙያ በመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ ውስጥ አስገብቷል።

ስለዚሁ መሙያ ካነሳን፣ ኤሌክትሪክ በሌለበት ቦታ ጭምር የሚሠራበት ዘዴ አለ። ሐኪሙ የለሰለሰውን ክፍል በእጅ መሣሪያ ብቻ ይፍቅና ቀዳዳውን በግላስ አዮኖመር ይሞላል። ዘዴው የተጀመረው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በጎረቤታችን አህጉር ልጅ በታንዛንያ ነው፤ የድሃ አገር ችግር የወለደው ጥበብ ዛሬ በሀብታም አገሮችም ይሠራበታል። ቀድሞ በብዛት የምናውቀው ሜርኩሪ ያለበት የብር ቀለም መሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች ለወተት ጥርስና ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች፣ ሐኪሙ የግድ ካላለ በቀር፣ እንዳይውል ተስማምተዋል። ስለሆነም አሳዳጊዎች ሐኪሙን «የምትሞላው በምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር እንዳይመስላችሁ።

ቦርቡሩ ነርቭ ላይ ከደረሰ መሙላት ብቻ አይበቃም። የላይኛው የነርቭ ክፍል ብቻ ሲታመም እርሱ ይወጣና የሥሩ ጤነኛ ክፍል በመድኃኒት ተሸፍኖ ይቀራል፤ ነርቩ በሙሉ ከሞተ ደግሞ ሥሩ ድረስ ይጸዳል ወይም ጥርሱ ይነቀላል። እንዲህ የታከመ የወተት መንጋጋ በቀላሉ ስለሚሰበር በብረት ክዳን ይሸፈናል። ብረቱ ሲያብለጨልጭ አንዳንድ እናቶች ይደነግጣሉ፤ ጊዜው ሲደርስ ከወተት ጥርሱ ጋር አብሮ ይወድቃልና አይደንግጡ። ነርቩ ጤነኛ ከሆነም ያለ መርፌና ያለ መሰርሰር ክዳኑን ብቻ መግጠም ይቻላል፤ ይህንን ያስተዋወቁት በስኮትላንድ ይሠሩ የነበሩት የጥርስ ሐኪም ኖርና ሆል ናቸው፤ ዘዴውም በስማቸው ይጠራል።

መንቀል የመጨረሻው ነው። የወተት መንጋጋ ያለጊዜው ሲነቀል ቦታውን የሚጠብቅ ትንሽ የሽቦ ማቆያ ይደረግ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ማደንዘዣ የተወጋ ልጅ ከንፈሩ እስኪነቃ ሁለት ሦስት ሰዓት ያህል ምግብ እንዳይበላ ተጠባበቁት፤ የደነዘዘ ከንፈሩን አኝኮ አቁስሎ የሚያድር ብዙ ነው።

በሕመሙ ጊዜ ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን ገዝቶ ማዋጥ በሰፊው የተለመደ ስሕተት ነው። መድኃኒቱ እብጠቱን ለጊዜው ያስታግሠው ይሆናል፤ ቀዳዳው ግን ባለበት ነው። አስፕሪንም ለልጅ አይሰጥም። ፊት ካበጠ፣ በተለይም ከትኩሳት ጋር ከሆነ፣ ወይም ልጁ አፉን መክፈትና መዋጥ ካቃተው ነገ የማይባል ጉዳይ ነውና በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ግግ ማስወጣት የሚባለውንም ሳናነሳ አናልፍም። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው ድዱ ላይ ያለው ነጭ እብጠት ተጠያቂ ይሆንና በስለት ይወጣል። የሚወጣው ትል አይደለም፤ ገና ያልበቀለ ጥርስ ነው። ቁስሉ ይመረቅዛል፣ ደም ይፈሳል፣ ከሥር ያለው ቋሚ ጥርስም ይጎዳል፤ ተቅማጡ ግን አይቆምም። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን የሚያስፈልገው የሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ጤና ጣቢያ ነው።

ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ፣ ከወንጂ፣ ከመተሐራና ከዝዋይ ወገን የመጡ ልጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ ሲታይ «ጥርሱን አይፋቅም» ተብለው ይዘለፋሉ። ይህ ግፍ ነው። ምክንያቱ በከርሰ ምድር ውሃው ውስጥ ያለው የፍሎራይድ ብዛት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የፈቀደው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን በእነዚያ አካባቢዎች ከዚህ እጅግ የሚበልጡ ጉድጓዶች አሉ። ትንሹ ሲጠቅም ብዙው ይጎዳል። ጥርሱ ከበቀለ በኋላ በመፋቅ የሚለቅ አይደለም፤ መከላከያው ጥርሱ ከድድ ሥር ሳይወጣ ልጁ የሚጠጣውን ውሃ መለወጥ ነው።

በቤት ውስጥ የሚደረገው ያን ያህል ከባድ አይደለም። የመጀመሪያው ጥርስ ከበቀለ ጀምሮ ጠዋትና ማታ፣ ይልቁንም ከመኝታ በፊት፣ በፍሎራይድ ሳሙና ይቦረሽ። እስከ ሦስት ዓመት የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከዚያ እስከ ስድስት የአተር ፍሬ ያህል ሳሙና ይበቃል። ልጁ ይትፋው እንጂ ብዙ ውሃ አይጉመጥመጥበት። እስከ ሰባትና ስምንት ዓመቱ ድረስ አዋቂ ይቦርሽለት፤ ብቻውን አይችልበትም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አጥብቀው የወደዱት ሲዋክ ደግሞ በየቤታችን ያለ ነው። የአራክ እንጨት ባይገኝ የወይራና የልምጭ መፋቂያ አለ። ሲዋክ ሱንና ነው፤ ነገር ግን የሕፃን እጅ የኋላ መንጋጋውን በመፋቂያ ሊያዳርስ ስለማይችል ለልጆች ሁለቱን ማስተባበር ይሻላል እንላለን።

በአንዳሉስ የኖሩትና እ.ኤ.አ. በ1013 አካባቢ ያረፉት ታላቁ ሐኪም አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ «አት-ተስሪፍ» በተባለው ሥራቸው የጥርስ መፋቂያ መሣሪያዎችን በሥዕል አስቀምጠዋል። ሕመሙ ከታመመው ጥርስ ወደ ጤነኛው ሊዛመት ስለሚችል አላዋቂ ነቃይ ጤነኛውን ነቅሎ ታማሚውን እንደሚተው አስጠንቅቀዋል። ከሺህ ዓመት በኋላም ይኸው ስሕተት ሲሠራ አይተናል።

በረመዳን ቀጠሮ የሚሰርዙ ትልልቅ ልጆች አሉ። ዓለም አቀፉ የእስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳለፈው ውሳኔ ጥርስ መሰርሰር፣ መንቀልና ማጽዳት ወደ ጉሮሮ የገባው ካልተዋጠ ጾም አያስፈታም ብሏል። ልጅ ወድቆ ቋሚ የፊት ጥርሱ ከነሥሩ ቢወልቅም ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ሥሩን ሳትነኩ ነጩን ክፍል ይዛችሁ፣ ከቻላችሁ ወደ ቦታው መልሱት፤ ካልሆነም በወተት ውስጥ አድርጋችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ድረሱ። የወተት ጥርስ ግን አይመለስም።

ያቺ ልጅ ዛሬ አምስተኛ ክፍል ናት። በነቀለችው መንጋጋ በኩል አታኝክም፤ ኋላ የበቀለው ጥርስም ወደ ክፍተቱ ዘምሟል። ታናሽ ወንድሟ ባለፈው ክረምት ስድስት ዓመት ሞላው። አያቷ ሳንጠይቃቸው መጥተው «ኡስታዝ፣ የኋላው መንጋጋ ብቅ ብሏል፤ ያ የሚደፈነው ነገር አሁን ነው አይደል?» አሉን። አብረናቸው ሄድን፤ አራቱም መንጋጋዎቹ ተደፈኑለት።