ከቢሾፍቱ ሥራ በባቡር መመላለስ ይቻላል?

ጥያቄ፦ ቢሾፍቱ እኖራለሁ፣ ሥራዬ አዲስ አበባ ነው። ሐዲድ እያለ ጠዋት ማታ ታክሲ ላይ መጋፋት ለምን?

መልስ፦ ሐዲዱስ አይከለክልዎትም። ከሰበታ እስከ አዳማ መስመሩ ጥንድ ስለሆነ መጪና ሂያጅ ባቡር መጠባበቅ የለባቸውም፤ ነጠላ የሚሆነው ከአዳማ ወዲያ ነው። በኤሌክትሪክ መሥራቱም በየጣቢያው ለሚቆም አጭር ባቡር ይመቻል። ጣጣው ያለው መውረጃው ላይ ነው። ከተማው ዳር ባለው የለቡ ጣቢያ ወርዶ መሃል ከተማ፣ ሜክሲኮ ወይም ፒያሳ ለመድረስ ሌላ ሰልፍ አለ። የድሮው ባቡር እኮ መሃል ከተማ፣ ለገሃር ድረስ ይገባ ነበር! በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም በደቡብ በኩል ቃሊቲ ላይ ያበቃል እንጂ ለቡን አይነካም። እኔ ብጠየቅ፣ አዲስ ሐዲድ ከመዘርጋት በፊት ከሥራ መግቢያ ቀድሞ የሚደርስ የጠዋት ባቡር፣ ጣቢያው በር ላይ የሚጠብቅ አውቶቡስና ለሁለቱም የሚያገለግል አንድ ትኬት አስቀድማለሁ።