የአበባ ወራትና ወደ ሜዳ መውጣት

ልጆች ሆይ፤ ዓመቱ አራት ክፍል እንዳለው ታውቃላችሁን? በአገራችን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ነው። ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው መፀው ይባላል። ከዚያ ቀጥሎ እስከ መጋቢት 25 ቀን በጋ ነው። ከበጋ በኋላ እስከ ሰኔ 25 ቀን ያለው ደግሞ ጸደይ ይባላል። ነገር ግን ሰው ሁሉ የአበባ ወራት ብሎ በናፍቆት የሚጠብቀው መስከረምንና ጥቅምትን ነው። በቤተ ክርስቲያንም ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው ጊዜ ዘመነ ጽጌ፥ ማለት የአበባ ዘመን ይባላል። በአውሮፓ አገር አበባ የሚፈነዳው ብርዱ ካለፈ በኋላ፥ በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። በእኛ አገር ግን አበባን የሚያመጣልን የዝናቡ ማለፍ ነው።

በምዕራብ ጎጃም፥ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አገር፥ የክረምቱ ዝናብ ብርቱ ነው። መንገዱ ጭቃ ይሆናል፤ ወንዙ ሞልቶ መሻገሪያ ይከለክላል። ልጆች በቤት ውስጥ እሳት ዳር ይሰበሰባሉ፤ ገበሬውም ዝናብ እየወረደበት ያርሳል፥ ይዘራል፥ ያርማል። መስከረም በጠባ ጊዜ ግን ደመናው እየሳሳ፥ ፀሓይ እየበረታች ትሄዳለች። አደይ አበባ በእርሻው ድንበርና በተረተሩ ላይ ሁሉ ይፈነዳል፤ ሜዳው ቢጫ ምንጣፍ የተነጠፈበት ይመስላል። ጤፉ አረንጓዴ ሆኖ በነፋስ ይወዛወዛል። በቆሎው እሸት ይሆናል፤ ቡሬና ጃቢ ጠህናን በበቆሎ የታወቀ አገር ነውና፥ በየመንገዱ ዳር የእሸት ጥብስ ይሸታል። ኑጉም ያብባል፤ ንብ ከኑጉ ወደ አደዩ እየበረረች ማር ትሠራለች። በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር ከእነዚህ አበቦች የተገኘ ነው።

በዚህ ጊዜ ሰው ቤት ዘግቶ መቀመጥ አይወድም። በዘመን መለወጫ ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ ወንዶች ልጆች አበባ በወረቀት ላይ ሥለው ለዘመድ ወዳጅ ይሰጣሉ። በመስቀል በዓል ደመራው በአደይ አበባ ያጌጣል። ይህም በዓል በ2006 ዓ.ም. የዓለም ሕዝቦች ቅርስ ሆኖ በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በዓሉ ካለፈ በኋላም ጓደኛ ከጓደኛው ጋር፥ አባት ከልጆቹ ጋር ወደ ሜዳ፥ ወደ ምንጭ፥ ወደ ተራራ ይወጣል። ይህም መልካም ነገር ነው። ክረምቱን ሁሉ በጭስና በጨለማ የቆየ ሰው ንጹሕ አየር ሲያገኝ ሰውነቱ ይታደሳል፤ ልቡም ይሰፋል። ዓይኑን ከፍቶ የሚሄድ ልጅ ደግሞ ከመጽሐፍ ያላገኘውን ትምህርት ከሜዳው ያገኛል።

ታላቂቱ ከተማችን አዲስ አበባ ራሷ እንኳ የተቆረቆረችው በእንዲህ ያለ ሽርሽር ምክንያት ነው። ንጉሥ ምኒልክና ወይዘሮ ጣይቱ አስቀድመው በእንጦጦ ተራራ ላይ ይኖሩ ነበር። ተራራው ብርድና ነፋስ የበዛበት ስለ ሆነ፥ ሰውነታቸውን ለመታጠብ ወደ ፍል ውኃ ይወርዱ ነበር። ጣይቱም የቦታውን ማማር አይተው በዚያ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ። በ1879 ዓ.ም. ከተማው ተቆረቆረ፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። ያን ጊዜ ሰው ከእንጦጦ ወደ ታች ይወርድ ነበር፤ ዛሬ ግን የከተማው ሰው ዕረፍት ባገኘ ጊዜ ከታች ወደ እንጦጦ ይወጣል። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ መናፈሻ ተከፍቶ በዛፎቹ መካከል የእግር መንገድ ተበጅቷል። በመስከረም የአደይ አበባ እቅፍ በከተማው ገበያ በገንዘብ ይሸጣል። የገጠር ልጅ በነጻ የሚያየውን የከተማ ልጅ ገዝቶ ያገኘዋል ማለት ነው።

በጎጃም አገርም ሰው ሊያየው የሚገባ ብዙ ሥፍራ አለ። በሰከላ ግሽ አባይ የሚባል ምንጭ አለ። አባይ ከዚያ ትንሽ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጣና ሐይቅ ይገባል፤ ከጣናም ወጥቶ ሱዳንን አልፎ እስከ ግብፅ ይደርሳል። ይህን ምንጭ ለማየት ፔድሮ ፓኤዝ የተባለ የእስፓኝ ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1618፥ ጄምስ ብሩስ የተባለ የስኮትላንድ ሰው ደግሞ በ1770 ከሩቅ አገር ተጉዘው መጥተዋል። ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ አጠገብ የዘንገና ሐይቅ አለ። ሐይቁ ያለበት ጉድጓድ በጥንት ዘመን የእሳተ ገሞራ አፍ ነበረ፤ ዛሬ ግን በዛፍ ተከቦ ጸጥ ያለ ውኃ ሞልቶበታል። ከባሕር ዳር በታች ያለው የጢስ አባይ ፏፏቴም ከሁሉ ይልቅ የሚያምረው ክረምቱ እንዳለፈ፥ ውኃው በበዛ ጊዜ ነው።

ነገር ግን ልጆች ሆይ፤ ደስታ ሁሉ ሥርዓት ያስፈልገዋል። ለአንዱ ደስታ የሆነው ነገር ለሌላው ጉዳት ሊሆን ይችላልና። ይህን እንድታስተውሉ አንድ ምሳሌ ስሙ።

ሦስት ተማሪዎች በመስከረም ወር በአንድ ቅዳሜ ቀን አበባ ለመልቀም ከፍኖተ ሰላም ከተማ ወደ ሜዳ ወጡ። ሁለቱ ወንዶች፥ አንዲቱ ሴት ነበሩ። ጥቂት እንደ ሄዱም አንድ የጤፍ እርሻ አገኙ። በማዶው ድንበር ላይ አደይ አበባ ጥቅጥቅ ብሎ ፈክቶ ነበር። ታላቁ ብላቴና፥ «በዙሪያው ብንሄድ ሩቅ ነው፤ በመካከሉ እንለፍ፤ ሣር አይደለምን?» አለ። ልጅቱም፥ «ሣር አይደለም፤ ጤፍ ነው» አለችው። እነርሱ ግን ሳቁባትና በእርሻው መካከል ሮጡ። እርስዋ ብቻዋን በድንበሩ ዞራ ሄደች። አበባውንም ከለቀሙ በኋላ ሁለቱ ብላቴኖች እየተባረሩ፥ እየተጣሉና እየወደቁ በመጡበት ተመለሱ።

አንዲት ባልቴት በቆሎዋን ከዝንጀሮ ስትጠብቅ በማማ ሥር ተቀምጣ ይህን ሁሉ ታይ ነበር። ከተቀመጠችበት ተነሥታ በዝግታ መጣች። ብላቴኖቹ ትሰድበናለች፥ ትመታናለች ብለው ፈሩ። እርስዋ ግን አልተቆጣችም። የታላቁን እጅ ይዛ የተረገጠውን ጤፍ አሳየችው።

«ልጄ፥ ይህ መሬት ስንት ጊዜ የታረሰ ይመስልሃል?» አለችው።

«አላውቅም፥ እናቴ» አለ።

«አምስት ጊዜ ታርሷል። በሬ የለኝም፤ ያረሰልኝ ጎረቤቴ ነው። ስለዚህ እኩሌታው የእርሱ ነው፤ እኩሌታው የእኔ ነው። በሐምሌ በጭቃ ተዘራ፤ ወገቤን እያመመኝ ጎንበስ ብዬ አረምሁት። አሁን ሊያፈራ ሲል ሰበራችሁት። የተሰበረውም አይነሣም።»

ብላቴናው አፈረ፤ የያዘውንም አበባ ወደ እርስዋ ዘርግቶ፥ «እናቴ፥ ይቅር ይበሉን፤ ይህን አበባ ይውሰዱ» አላት።

ባልቴቲቱም አበባውን ተመለከተችና፥ «ያምራል፤ ነገር ግን አበባ አይጋገርም፥ ልጄ» አለችው።

ብላቴናው የሚመልሰው ቃል አጣ። በመጨረሻ፥ «እንግዲህ ምን እናድርግ?» ብሎ ጠየቀ። እርስዋም፥ «በኅዳር አጨዳ ሲሆን ኑና ነዶ ተሸከሙልኝ» አለች።

ኅዳርም በደረሰ ጊዜ ሁለቱ መጡ፤ ልጅቱም ሳትጠራ አብራቸው መጣች። ቀኑን ሁሉ ነዶ ሲያቀብሉና ሲከምሩ ዋሉ። ባልቴቲቱም መረቀቻቸው። ይሁን እንጂ የተረገጠው ቦታ አልዳነም ነበር፤ በእርሻው መካከል እንደ መንገድ ባዶ ሆኖ ይታይ ነበር። ብላቴናውም ነዶ ተሸክሞ በዚያ ባለፈ ቁጥር ያን ባዶ መሬት ያይ ነበር።

ከዚህ ምሳሌ የምንማረው ይህ ነው። መጸጸት መልካም ነው፤ መካስም ከመጸጸት ይበልጣል። ነገር ግን የጠፋ ሁሉ አይመለስምና፥ ከሁሉ የሚሻለው አስቀድሞ ማሰብ ነው። ለእናንተ የአንድ ቀን ጨዋታ የሆነው መሬት ለሌላው የዓመት እንጀራ ነው።

እንግዲህ ወደ ሜዳ ስትወጡ እነዚህን ነገሮች አስቡ።

አንደኛ፤ በመንገድ ሂዱ። መንገዱ ቢዞርም እርሻ አትርገጡ። እሸት ብትፈልጉ ባለቤቱን ለምኑ። የአገራችን ገበሬ ለለመነው እሸት አይነፍግም፤ ሳይለመን የተወሰደበት ግን ያዝናል።

ሁለተኛ፤ አበባ ስትለቅሙ ጥቂት ልቀሙ፤ ከሥሩም አትንቀሉ። አደይ አበባ የሚበቅለው ካምና ከወደቀው ዘር ነው። ሁሉ ከተለቀመ ዘር ከየት ይወድቃል? ንብስ ምን ትቀስማለች? በጃፓን አገር የቼሪ ዛፍ ባበበ ጊዜ ሕዝቡ ሁሉ ቤተ ሰቡን ይዞ ከዛፉ ሥር ይቀመጣል፤ ይበላል፥ ይጫወታል። ነገር ግን ቅርንጫፉን መስበር ነውር ነው። ሁሉም አይቶ ደስ ይለዋል፤ አበባውም ለሌላ ሰው ይቀራል።

ሦስተኛ፤ ከወንዝ ተጠንቀቁ። በፍኖተ ሰላም አጠገብ ላህ የሚባል ወንዝ አለ። በመስከረም ዝናቡ ፈጽሞ አላቆመም። እናንተ ባላችሁበት ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ከላይ በደጋው ብርቱ ዝናብ ሊዘንብ ይችላል። ያ ውኃ በድንገት ይደርሳል። ስለዚህ ውኃው ሲደፈርስ፥ እንጨትና ቅጠል ይዞ ሲመጣ፥ ድምፁም ሲለወጥ ባያችሁ ጊዜ ፈጥናችሁ ወደ ከፍታ ውጡ። ዋና አውቃለሁ የሚል ብዙ ልጅ በደራሽ ውኃ ተወስዷልና።

አራተኛ፤ ለወላጆቻችሁ ሳትነግሩ አትውጡ። ወዴት እንደምትሄዱ፥ ከማን ጋር እንደምትሄዱ፥ መቼ እንደምትመለሱ ንገሩ። አትሂዱ ቢሏችሁም አታጕረምርሙ፤ እናንተ የማታውቁትን አደጋ እነርሱ ያውቃሉና።

ስለዚህ ስለ አራተኛው ነገር ጥቂት ልጨምር። ፍኖተ ሰላም ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ፍኖተ ሰላም እንዳሉዋት ይነገራል፤ ይህም የሰላም መንገድ ማለት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ በጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ፤ በጎጃምም አልፈው በሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ደረሱ። በዚያ ዓመት በቡሬ ዙሪያ ብርቱ ጦርነት ሆኖ ነበር። በእኛም ዘመን፥ በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ጦርነት ስለ ተነሣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ልጆችም ከትምህርት ቀርተዋል። መስከረም ግን ጦርነት አለ ብሎ አይቀርም፤ አበባውም በወራቱ ይፈነዳል። ነገር ግን መንገዱ ሰላም ካልሆነ አበባውን ሊያይ የሚወጣ ሰው አይገኝም። ገበሬውም እርሻውን፥ ነጋዴውም ገበያውን ይፈራል። ስለዚህ ልጆች በሜዳ ሲጫወቱ ብታዩ፥ በዚያ ቀን በዚያ ሥፍራ ሰላም እንዳለ እወቁ።

ሰላምም በታላላቆች እጅ ብቻ የሚሠራ አይደለም። በእርሻ ድንበር ዞሮ የሚሄድ ልጅ፥ የጓደኛውን ድርሻ የማይነጥቅ ልጅ፥ ሲያጠፋ ይቅር በሉኝ ብሎ የሚክስ ልጅ፥ የሰላምን መንገድ መሄድ ጀምሯል። ከብት ሲጠብቅ የሚውለውን እረኛ በሜዳ ብታገኙት አትናቁት፤ ከስንቃችሁ አካፍሉት፥ በጨዋታችሁም አስገቡት። የአበቦቹንና የወፎቹን ስም ከእናንተ ይልቅ እርሱ ያውቃልና ጠይቁት።

የአበባ ወራት አጭር ነው። አደይ በመስከረም ይፈካል፤ ኅዳር ሳይጋመስ ይረግፋል። ስለዚህ ቀኑ ሳያልፍ ውጡ፥ እዩ፥ ደስ ይበላችሁ። ማታ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱም ያለፋችሁበትን ሜዳ ዘወር ብላችሁ ተመልከቱ። ስትመጡ እንዳገኛችሁት ሆኖ ከቆየ መልካም ቀን ውላችኋል።

ጥያቄዎች።

1. በአገራችን አበባ የሚበዛው በየትኛው ወር ነው? በአውሮፓስ?
2. አዲስ አበባ በስንት ዓመተ ምሕረት ተቆረቆረች? ስሟንስ ያወጣላት ማን ነው?
3. ባልቴቲቱ «አበባ አይጋገርም» ስትል ምን ማለቷ ነው?
4. ልጅቱ አላጠፋችም ነበር፤ በኅዳር ለምን አብራ የመጣች ይመስላችኋል?
5. ደራሽ ውኃ መምጣቱ በምን ይታወቃል?

የቃላት ትርጉም።

ፍኖት፤ መንገድ። ጽጌ፤ አበባ። ባልቴት፤ ያረጀች ሴት። ማማ፤ እህል ጠባቂ የሚቀመጥበት ከፍ ያለ ቆጥ። ነዶ፤ ታጭዶ የታሰረ እህል። መካስ፤ ላጠፉት ነገር ዋጋ መክፈል።