ከግዕዝ ፊደል ጽሑፍ ቀለም ማመንጨት፦ «ሰርዶ» እና «ሠርዶ» እንደ ማሳያ

መግቢያ

የሞባይል መተግበሪያዎች ለአንድ ስም ቋሚ ቀለም የሚሰጡት ብዙውን ጊዜ ስሙን ወደ ቁጥር፣ ቁጥሩንም ወደ ቀለም በመለወጥ ነው። ተጠቃሚውም አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸውን መዝገቦች የአንድ ነገር መዝገቦች አድርጎ ያነባል። በ1961 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ የተጎዳችው ሰርዶ በአደጋ ካርታ ላይ በሁለት ቀለም ብትመዘገብ፣ የአንድ ቦታ መረጃ የሁለት ቦታዎች መስሎ ይታያል። ይህ ጽሑፍ የተለመደው ስልት በግዕዝ ፊደል ላይ ሲውል የሚያስከትላቸውን ሁለት ችግሮችና መፍትሔያቸውን ያቀርባል።

የስሌቱ አሠራር

የጃቫ የሃሽ ስሌት ከዜሮ ተነሥቶ በየፊደሉ የቀደመውን ውጤት በ31 ያባዛል፤ የፊደሉንም የዩኒኮድ ቁጥር ይደምርበታል። ሰ 4656፣ ር 4653፣ ዶ 4854 ስለሆኑ «ሰርዶ» 4,623,513 ይሆናል።

የቀለም መጥበብ

የቁጥሩን ዝቅተኛ 24 ቢቶች ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ማከፋፈል የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ መሠረታዊው የግዕዝ ክፍል በዩኒኮድ ውስጥ ከ4608 እስከ 4991 ባለው ጠባብ ክልል የተወሰነ ነው። በዚህ የተነሣ ሰርዶ፣ ሰመራ፣ አዋሽም ሆነ ሌላ ባለ ሦስት ፊደል ስም የሚያገኘው የቀይ መጠን ከ69 እስከ 75 ብቻ ነው፤ እንደ ሚሌ ያሉ ባለ ሁለት ፊደል ስሞች ደግሞ ሁልጊዜ 2 ያገኛሉ። የሚሻለው ቁጥሩን ለ360 አካፍሎ ቀሪውን በቀለም ክብ ላይ እንደ ማዕዘን መውሰድ፣ ድምቀቱንና ብርሃኑን ግን ቋሚ ማድረግ ነው። በረጃጅም ስሞች ቀሪው ከዜሮ በታች ከሆነ 360 ይደመርበታል።

የሞክሼ ፊደላት ችግር

በዚህ ስልት «ሰርዶ» 33 ዲግሪ፣ ማለትም ብርቱካናማ ይሆናል። የሠ ቁጥር 4640 በመሆኑ ግን «ሠርዶ» 4,608,137 ሆኖ 137 ዲግሪ፣ ማለትም አረንጓዴ ይወጣል። የዩኒኮድ ማስተካከያ ደንቦች ሞክሼዎችን እንደ ተለያዩ ፊደላት ስለሚቆጥሩ ልዩነቱን አያስወግዱም። ስለዚህ ከስሌቱ በፊት ሠ ወደ ሰ፣ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነዘሮቻቸው መለወጥ አለባቸው። ለውጡ በስሌቱ ቁልፍ ላይ ብቻ መወሰን ይገባዋል፤ ሠረቀ (ወጣ) እና ሰረቀ የተለያየ ትርጉም ስላላቸው የሚታየው ጽሑፍ መነካት የለበትም።

ገደብና ማጠቃለያ

አፋርኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ያው ቦታ ሦስተኛ ቀለም ሊያገኝ ይችላል፤ ይህንንም የሞክሼ ማስተካከያ አይፈታውም። የቦታ መለያ ቁጥር ካለ ቀለሙ ከእርሱ ቢመነጭ ይመረጣል። ደግሞም በ360 ማዕዘኖች ላይ 23 ስሞች በእኩል ዕድል ቢደለደሉ፣ ቢያንስ ሁለቱ አንድ ማዕዘን የመጋራት ዕድላቸው ከግማሽ በላይ ነው። ስለሆነም ቀለም ንባብን ያግዛል እንጂ ስምን አይተካም፤ በካርታው ላይ ስሙ ከቀለሙ ጎን ሊጻፍ ይገባል።