ከኒኮቲን ፕላስተር የመላቀቅ ስሌት

በቀን ከ10 ሲጋራ በላይ ያጨስ ለነበረ ሰው የተለመደው የኒኮቲን ፕላስተር አወሳሰድ 21 ሚሊግራም ለ6 ሳምንት፣ 14 ለ2፣ ከዚያም 7 ለ2 ሳምንት ነው። በደም ውስጥ ያለ ኒኮቲን በየ2 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ፕላስተሩ ከተነሣ ከ10 ሰዓት በኋላ (ቆዳ ውስጥ የቀረውን ካልቆጠርን) 1/32ኛው ብቻ ይቀራል። ታዲያ አምሮቱ ስለምን ሳምንታት ይቆያል? በማጨስ ዘመን የበዙት የአንጎል ኒኮቲን ተቀባዮች ወደ ቀድሞ ቁጥራቸው የሚመለሱት በሳምንታት እንጂ በሰዓታት ስላልሆነ ነው።

የቅነሳው ደረጃዎች በሚሊግራም እኩል ናቸው። በንጽጽር ስናሰላቸው ግን የመጀመሪያው ሲሶውን፣ ሁለተኛው ግማሹን፣ የመጨረሻው ሁሉንም ይወስዳል። በ7 ላይ የተቸገረ ሰው ሐኪም አማክሮ ጥቂት ሳምንታት ቢጨምር አንነቅፈውም፤ ሳንባን ለካንሰር የሚዳርገው የሲጋራው ጭስ ነውና።