የነፍሳት ነርቭ፣ የግሊያ ሴሎችና የማላታይን አሠራር

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት

ማላታይን የተረጨበት ተምች መጀመሪያ ይቅበጠበጣል፣ ቀጥሎ ይንቀጠቀጣል፣ በመጨረሻም ዝሎ ይወድቃል። ምክንያቱ የሚገኘው በነርቩ ውስጥ ነው። ይህን ማወቅ ለረጪው ሰው ደኅንነትም ይጠቅማል።

የነፍሳት ነርቭ ሴሎች የሚገኙት በራስ ውስጥና በሆድ በኩል ተያይዘው በሚወርዱ ቋጠሮዎች ውስጥ ነው። አንዱ ሴል ለሌላው መልእክት የሚያደርሰው ኬሚካል በማፍሰስ ሲሆን፣ በቋጠሮዎቹ ውስጥ ዋነኛው ኬሚካል አሴታይልኮሊን ይባላል። መልእክቱ እንደደረሰም አንድ ኤንዛይም አሴታይልኮሊኑን ይሰባብረዋል። ማላታይን በተባዩ ሰውነት ውስጥ ማላኦክሶን ወደሚባል ብርቱ መርዝ ይለወጥና ይህን ኤንዛይም ከሥራ ያግደዋል። ስለዚህ መልእክቱ ሳያቋርጥ ይደጋገማል።

በነርቭ ሴሎቹ ዙሪያ ደግሞ ግሊያ የሚባሉ ሴሎች አሉ። እነዚህ የነርቭ ሴሎችን ያቅፋሉ፣ ከአገልግሎት የተረፈውን ግሉታሜት የተባለ መልእክተኛ ኬሚካልም ይሰበስባሉ። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስኩዊድ በሚባለው የባሕር እንስሳ ላይ በተደረገ ምርምር፣ ትልቁን ነርቭ የሸፈኑት ሴሎች አሴታይልኮሊን ሲነካቸው የኤሌክትሪክ ሙላቸው እንደሚለወጥ ታይቷል። እንግዲህ ዝም ብለው የተቀመጡ ሽፋኖች አይደሉም። ለእኛ ሥራ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን ግድግዳነታቸው ነው። የውጭዎቹ ግሊያ ሴሎች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ቋጠሮውን ስለሚከብቡት የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው፣ በውኃ የሚሟሙ ነገሮች በቀላሉ አያልፉም። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በበረሮ ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ሽፋኑ ባልተገፈፈ ነርቭ ላይ የተጨመረ አሴታይልኮሊን ያስከተለው ለውጥ ኢምንት ነበር። ሽፋኑ ሲገፈፍ ግን በአነስተኛ መጠን ሠርቷል።

ማላታይን በቅባት ውስጥ የሚሟሟ በመሆኑ የተባዩን ቆዳም የግሊያውን ግድግዳም ያልፋል። ችግሩ የሰውም ቆዳ የማያግደው መሆኑ ነው። ከዚህም በላይ፣ በነፍሳት ጡንቻን የሚያዘው ግሉታሜት ሲሆን በሰው ግን ጡንቻንም የምራቅና የላብ ዕጢዎችንም የሚያዘው አሴታይልኮሊን ነው። በእነዚህ ሥፍራዎች እንደ ነፍሳቱ ቋጠሮ ያለ ጥብቅ ግድግዳ የለም። እርግጥ የሰው ጉበት ማላታይንን ከተባይ ይልቅ ፈጥኖ ያከሽፋል። ሆኖም በዚህ ተማምኖ «ቀላል መድኃኒት ነው» ማለት አይገባም፤ በዚያው መንገድ የሚሠሩት ዲያዚኖንና ክሎርፓይሪፎስ ይበልጥ ብርቱ ናቸው።

ስለዚህ መድኃኒቱን በባዶ እጅ ማማሰል፣ በሚያንጠባጥብ መርጫ መሥራትና ጀርባን ማርጠብ መርዙን በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ማስገባት ነው። ከርጭት በኋላ ገላም ልብስም በሳሙና ይታጠብ፤ ውኃ ብቻውን ቅባትን አያስለቅቅም። ባዶው ዕቃ የቱንም ያህል ቢታጠብ ለውኃም ሆነ ለዘይት መያዣ አይሁን።

ረጪው ምራቁና ላቡ ከበዛ፣ ካስመለሰው፣ የዓይኑ ብሌን ከጠበበ፣ ጡንቻው ከተንቀጠቀጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ልብሱን ወዲያው አውልቆ ገላውን በሳሙና ማጠብና ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ያስፈልጋል። በየመንደሩ እንደ ማርከሻ የሚሰጠው ወተት ይህን መርዝ አያረክስም። ራሱን ለሳተ ሰውም በአፉ ምንም አይሰጥ። ሐኪሙ አትሮፒን ለመስጠት እንዲወስን የመድኃኒቱ ስም የተጻፈበት ዕቃ ከበሽተኛው ጋር ይሂድ።