አዲስ መኪና ፍሬኑ ለምን ይጮኻል?

የመቀመጫው ላስቲክ እንኳ ገና ያልተነሳለት መኪና ፍሬን ሲያዝ ሲጢጥ ካለ የባለቤቱ ልብ ይሸበራል። ቢሸበርም አይፈረድበትም፤ የስንት ዓመት ጥሪቱን ያፈሰሰበት ንብረት ነው። «የተበላሸ ነው የሸጡልኝ» የሚለው ጥርጣሬም ወዲያው ይከተላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን መኪናው ደህና ነው። ምክንያቱን ለማግኘት ድምፁ መቼ እንደሚሰማ ማስተዋል ይቀድማል። ጠዋት ብቻ ነው ወይስ ቀኑን ሙሉ? ፍሬን ሲረገጥ ነው ወይስ ሳይረገጥም?

ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱ ግፊት ሁለት ሸራዎችን ገፍቶ፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውን የብረት ዲስክ ግራና ቀኝ ያስይዛቸዋል። ሸራው ዲስኩን ይዞ ይለቃል፣ መልሶ ይይዛል፣ ይለቃል። ይህ በሴኮንድ ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ ሲደጋገም ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ፤ እኛ የምንሰማው ያንን ንዝረት ነው። ማሲንቆም የሚጮኸው በዚሁ መንገድ ነው፤ የደጋኑ ጭራ ክሩን እየያዘ ስለሚለቀው። ስለዚህ ሲጢጥታ ብቻውን የፍሬን መድከም ምልክት አይደለም፤ አጥብቆ የሚይዝ ፍሬንም ይጮኻል። የብረት ብናኝ የበዛበት ሸራ ሙቀት በመቻል ይመሰገናል፣ ድምፁ ግን ከሴራሚክ ሸራ ይበልጣል።

አዲስ ሸራና አዲስ ዲስክ ደግሞ ገና አልተላመዱም። ፊታቸው ሙሉ በሙሉ አልገጠመም፤ ከሸራው ወደ ዲስኩ የሚያልፈው ስስ ልባስም ገና አልተነጠፈም። በመጀመሪያዎቹ 300 ኪሎ ሜትሮች ድንገተኛ ፍሬን መያዝ አይገባም የሚል ማሳሰቢያ በቶዮታ መመሪያ መጻሕፍት የሚገኘውም ለዚህ ነው። ሸራውን ለማላመድ ገላጣ መንገድ ላይ፣ ከኋላ ማንም በሌለበት፣ ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በመጠኑ እየረገጡ መቀነስ፣ ሳይቆሙ እንደገና መፍጠን፣ ይህንንም አሥር ጊዜ ያህል መደጋገም ይበቃል። ከዚያ ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ዝም ብሎ መንዳት ነው። በጋለ ዲስክ ላይ ፔዳሉን ረግጦ መቆም ልባሱን አንድ ቦታ ላይ ያትመዋል።

ሌላው ዝገት ነው። ዲስኩ ቀለም የማይቀባ ተራ ብረት በመሆኑ እርጥበት ባገኘው በሰዓታት ውስጥ ቡናማ ይለብሳል። ወደ አገራችን የሚገባ መኪና በመርከብ ተጭኖ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ የባሕር አየር እየመታው ቆሞ፣ ከዚያም ሻጩ ግቢ ውስጥ ሰንብቶ ነው እጃችን የሚደርሰው። በክረምት ሲዘንብበት ያደረ መኪናም ጠዋት ሲነሳ ፍሬኑ ይጮኻል። አራት አምስት ጊዜ ፍሬን ተይዞ ድምፁ ከጠፋ የተፋቀው ዝገት ነበር ማለት ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ መኪና ሲባል ኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል፤ ጥያቄውም በዚያው ልክ በዝቷል። አንደኛ፣ የሞተር ጩኸት ስለሌለ ቀድሞ የማይሰማው ሁሉ ይሰማል። ሁለተኛውና ዋናው፣ መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን ስለሚሞላ ሸራው ሥራ ይፈታል፣ ዲስኩም ዝገቱን የሚጠርግለት ያጣል። ቮልስዋገን አይዲ ፎር ከኋላ በዲስክ ፋንታ የተሸፈነ ታምቡር የተገጠመለት ለዚህም ጭምር ነው። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን፣ መንገዱ ነፃ ሲሆን፣ ጠንከር አድርጎ መርገጥ ይጠቅማል። ባትሪው ጢም ብሎ ሲሞላ ደግሞ ይህ የሞተር እገዛ ይቀንሳል፤ ሱሉልታ አድሮ ቻርጅ ሞልቶ በእንጦጦ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ትናንት ያልሰማውን የፍሬን ድምፅ ዛሬ ቢሰማ አይገርምም።

ፍሬን ሳይረገጥ ብረት የሚፋቅ የሚመስል ድምፅ ካለስ? ጠጠር መንገድ ላይ ተነድቶ ከሆነ፣ በዲስኩና ከጀርባው ባለው ስስ ቆርቆሮ መካከል ጠጠር ገብቶ ይሆናል። ቀስ ብሎ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ መመለስ አንዳንዴ ያስወጣዋል፤ እምቢ ካለ ጎማው ወልቆ ቆርቆሮው ሳብ ይደረጋል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፤ ድምፁን ለማጥፋት ብሎ ዲስኩ ወይም የሸራው ፊት ላይ ዘይት መርጨት ወይም ግሪስ መቀባት ሰው ያስገድላል። ሙቀት የሚችለው የፍሬን ግሪስ ቦታው የሸራው ጀርባና ሸራዎቹን አቅፎ የሚይዘው ካሊፐር መንሸራተቻ ፒን ነው፤ የሚፋተጉት ፊቶች ላይ ግን ቦታ የለውም።

ብረት ከብረት የሚፋጭበት የማያቋርጥ ድምፅ፣ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን መሳብ፣ እየሰጠመ የሚሄድ ፔዳል፣ ከአንድ ጎማ የሚወጣ የመቃጠል ሽታ ግን የሚጠበቁ አይደሉም፤ መኪናው እዚያው ይቁም። የቀረው ድምፅ ከመላመጃው ጊዜ በኋላም ካልጠፋ፣ ዋስትናው ሳያልቅ ወደ ሻጩ ጋራዥ ይወሰድ። ቆሞ የሚታይ መኪና ስለ ድምፅ ብዙ ስለማይናገር መካኒኩን አሳፍሮ፣ ድምፁ በሚሰማበት ሰዓትና መንገድ አብሮ መንዳት ይሻላል።